አንደኛ የወጣው ግድብ

«ግድባችን አንደኛ ደረጃ ወጣ!»

ጋሼ ገበየሁ ይህን ወሬ ያልነዙበት ታክሲ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ አልነበረም። በበጋ መለኪያ ይዘው የመጡ ባለሙያዎች ሲነጋገሩ በጆሯቸው ሰምተዋል። ልቅሶ ቤት ተቀምጠው እንኳ ጎናቸው ያለውን ሰው ነካ አድርገው፣ «ሰማህ? አንደኛ!» ይሉ ነበር። ከእንጦጦ ግርጌ ያለችው ትንሽ የአፈር ግድብ ማትሪክ ያለፈ ልጅ ያህል አኮራቻቸው።

አንደኛ ከወጣች ደግሞ ውኃው ለምን ይባክናል? ትርፉ የሚወጣበትን ቦይ፣ ማስተንፈሻውን፣ አፈር በሞሉ ማዳበሪያዎች ደፈኑት። የበልጉ ዝናብ ኩሬውን እስከ አፉ ሞላው፤ የጋሼ ገበየሁም ጎመን ቅጠሉን እንደ ዝሆን ጆሮ ዘረጋ።

ያን ጊዜ ነው የእንድርያስ እግር የረጠበው።

እንድርያስ ሸማኔ ነው፤ ቤቱ ከግድቡ ጀርባ ሥር ናት። ወለሉ ላይ በተቆፈረች ጉድጓድ እግሩን ሰድዶ፣ መርገጫውን እየረገጠ ይሠራል። ያቺ ጉድጓድ በክረምት እንኳ ረጥባ አታውቅም። አንድ ጠዋት ልጁን፣ «ደሳለች፣ ውኃ ደፋሽ እንዴ?» አላት።

አልደፋችም። ከጉድጓዱ በብርጭቆ ቀድታ ወደ በሩ ብርሃን አነሣችው። ድፍርስ ነው። ደሳለች ስለ ግድብ ከስልኳ ላይ ለቅማ ያነበበች ልጅ ናት፤ ማንም አላስተማራትም፣ አስተምሩኝ ብላም ማንንም አልለመነችም። ከአፈር ግድብ ጥርት ያለ ውኃ ቢንጠባጠብ ላብ ነው፤ ድፍርስ ከሆነ ግን አፈሩን ከሆዱ እየዛቀ ነው የሚወጣው።

ብርጭቆውን ይዛ ጋሼ ገበየሁ ደጅ ቆመች።

«ማስተንፈሻውን ይክፈቱት።»

«አንደኛ የወጣ ግድብ ልትነኪ?»

«አንደኛ ከወጣ፣ እኛ ቤት ገብቶ ምን ያስለቅሰዋል?»

«ሸማኔ ስለ ጉድጓድ እንጂ ስለ ግድብ ምን ያውቃል!» አሉ፣ ለተሰበሰበው ሰው እየሳቁ።

«ልክ ብለዋል፤ የነገረኝም ጉድጓዱ ነው። እንኩ፣ ይጠጡትና ለእርስዎም ይንገርዎት።»

ባለሱቋ ሀያም ሳቋን በሻርፗ አፈነች።

በማግስቱ ደሳለች ዶማ ይዛ ቦዩ ውስጥ ወረደች። ማዳበሪያውን እየቀደደች አፈሩን ወደ ገደሉ ትዘረግፈው ጀመር። ጋሼ ገበየሁ ጮኸው መንደሩን አስወጡ።

«እንድርያስ! ልጅህን አውጣልኝ!»

እንድርያስ ከደጁ ሳይነሣ እግሩን አየ። «እግሬ ርጥብ ነው፣ ጋሼ። ይድረቅልኝና እመጣለሁ።»

ኩሬው ጎደለ፤ ጎመኑም ጠወለገ። ጋሼ ገበየሁ ሽማግሌዎች ሰብስበው፣ «ይቅርታ ጠይቂ» አሏት።

«ማንን? ጎመኑን?»

ከዚያ ወዲያ ከሀያም በቀር ሰላም የሚላት ጠፋ። ደሳለች ግን አንገቷን የምትደፋው ክር ስታጠነጥን ብቻ ነው።

ሐምሌ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከእንጦጦ ወረደ። ጎርፉ በተከፈተው ቦይ እያገሳ ወደ ገደሉ ነጎደ። የራሰው የግድቡ ጀርባ ተንሸራትቶ የእንድርያስን አጥር ጣለ፤ አናቱ ግን ሳይነካ ቀረ። ኩሬው እስከ አፉ ሞልቶ ቢሆንስ ኖሮ? መንደሩ ተሰብስቦ ጭቃ ዛቀ። ጋሼ ገበየሁም ዶማ ይዘው መጡ፣ የደሳለችን ዓይን እየሸሹ።

«ጠበቅ አድርገው ይያዙት ጋሼ፣» አለቻቸው፣ «አንደኛ እንዲወጡ።»

መስከረም ሲጠባ በበጋ ከመጡት ባለሙያዎች አንዱ ተመልሶ መጣ። የእንድርያስ ጉድጓድ ደርቋል፤ ማስተንፈሻው ክፍት ነው፤ ማዳበሪያ ይዞ ወደዚያ ዝር የሚልም የለም። ጋሼ ገበየሁ ግን አላስቻላቸውም።

«አንደኛነቱን አልተነጠቀም አይደል?»

«ኧረ አንደኛ ነው።»

«ሰማሽ?» አሏት ደሳለችን።

ባለሙያው መለኪያውን እየጠቀለለ፣ «ደረጃው የጥንካሬ አይደለም እኮ፣ አባቴ» አለ። «ቢፈርስ ብዙ ሰው የሚፈጅ ግድብ ነው አንደኛ የሚባለው። አንደኛ ያስባላችሁት እናንተ ናችሁ፣ ከሥሩ ስለምትኖሩ።»