የካፒቴኑ ቱቦ

የአዲሱ ልብስ ዚፕ ደረቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ካፒቴኑ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ እንደገና ሞከረ፤ ዚፑ አንድ ጣት ያህል ወጣና እምቢ አለ።

«ተወው፣ ትቀደዋለህ» አለች የመጫወቻ ሱቁ ባለቤት፣ ከመጋዘኑ በር ላይ። «ለሴት የተሰፋ ነው።»

ካፒቴኑ በገበያ ማዕከሉ መግቢያ፣ በሱቁ በር ላይ፣ የጠፈር ካፒቴን ሆኖ መቆም ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ካፒቴኑ የተወሰደበት ፊልም አሁን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ደርሷል። በስምንቱ ክፍሎች ጀግናው ሰፊ ደረት፣ ረጅም ሽጉጥና የተዘጋ አፍ ነበረው፤ ይተኩሳል፣ ሰላምታ ይሰጣል፣ ይሄዳል። በሩ ላይ የሚቆመውም ያንኑ ያደርጋል፣ ከመተኮሱ በቀር። ልጆች አብረውት ፎቶ ይነሳሉ፣ ወላጆች ገብተው ሽጉጡን ይገዛሉ። ሰፈሩ እውነተኛ ስሙን ከረሳው ቆይቷል፤ ሚስቱም በስሙ የምትጠራው ስትቆጣ ብቻ ነው።

አንድ ምስጢር ነበረው። ሄልሜቱ ውስጥ፣ በጉንጩ በኩል፣ ወገቡ ላይ ካሰረው የውሃ ጠርሙስ የሚመጣ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ሰፍቶበታል። ማዶ ባለው ሱቅ ድብ ሆኖ የሚቆመው ሰውዬ «ቀኑን ሙሉ ሳትጠጣ እንዴት ቻልከው?» እያለ ቢለምነውም አልነገረውም። ሚስቱም ብትሆን ባሏ ከብረት የተሠራ ይመስላት ነበር።

በዘጠነኛው ክፍል ግን ካፒቴኑ በአሥረኛው ደቂቃ ይሞታል። ከዚያ በኋላ መርከቧን የምታድነው መፍቻ የያዘች መካኒክ ናት፤ ስትሠራም ታወራለች፣ ስትፈራም ታወራለች። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሽጉጦቹ ወደ ታችኛው መደርደሪያ ወረዱ፣ መፍቻዎቹ ወደ ላይ ወጡ።

«የመጫወቻዎቹ አከፋፋይ ሰው ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣል» አለች ባለሱቋ። «የመካኒኳን ልብስ የለበሰ ሰው በሩ ላይ ካላየ ዕቃውን ለማዶዎቹ ይሰጣል። ከሠራተኛ ኤጀንሲ ሴት ልጅ ልጥራ?»

«ቆይ እትዬ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጎኑን ተርትራ ታሰፋዋለች። ፊቴን እንደሆነ ሄልሜቱ ይሸፍነዋል።»

«ድምፅህንስ?»

ካፒቴኑ ስልኩን አውጥቶ ሚስቱ ጋ ደወለ።

«እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ እጠብቃለሁ» አለች ባለሱቋ ሰዓቷን እያየች።

ሚስቱ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንደጣለች እየሮጠች ደረሰች። ልብሱን ገልብጣ አየችው። «በየት በኩል ላስፋው? የተረፈ ጨርቅ የለውም እኮ።»

«ከካፒቴን ካባዬ ቁረጪና ቀጥዪበት።»

እጇ ቆመ። ያን ካባ በየሳምንቱ የምታጥበው፣ ገበሩን አምስት ጊዜ የቀየረችው እሷ ናት። መቀሱን ዘረጋችለት። «አንተው ቁረጠው።»

ካፒቴኑ መቀሱን ካባው ጫፍ ላይ አስጠጋ። ከዚያ መቀሱን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ባለሱቋ የሚስትየውን ትከሻ በዓይኗ ስትለካ ነበር። «እስቲ አንቺ ልበሺው።»

«እኔ? የሁለት ልጆች እናት?»

«ሄልሜቱ ልጆችሽን አይቆጥርም።»

ዚፑ አንዴም ሳይያዝ አንገቷ ድረስ ወጣ። ካፒቴኑ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ።

መጀመሪያ በሩ ላይ እንደ ምሰሶ ተገትራ ቀረች። ስምንት ሰዓት እየተቃረበ ነው፣ የቀረባት ልጅ የለም። በመስታወቱ ውስጥ ሲያያት ካፒቴኑ ትንሽ ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ በራሱ አፈረ። በዚህ መሃል አንዲት ሕፃን ክንዱ የተገነጠለ ሮቦት አቅፋ እያለቀሰች መጣች።

«ማን ነው የገነጠለው?» አለቻት ሚስትየው።

«ወንድሜ።»

«ወንድም ያላት ሰው መፍቻ አይለያትም እሺ?» ብላ ተንበረከከች። ከሜትሩ ጋር ይዛው የመጣችውን መርፌና ክር አውጥታ፣ ባለፈው ሳምንት መርከቧ ላይ ስለደረሰው አደጋ እንደ መካኒኳ እያወራች ክንዱን መልሳ አሰረችው። ሌላ ልጅ የተሰበረ መኪና ይዞ ቀረበ። ከዚያ ሌላ። ቤት ውስጥ ባሏን «ጆሮዬን በላሽው» የሚያሰኘው ወሬዋ እዚህ ልጆችን አሰለፈ። የአከፋፋዩ ሰውም መጥቶ ከሰልፉ ኋላ ሆኖ ፎቶ አነሳና «ነገም እሷ ናት?» ብሎ ጠይቆ ሄደ።

ባለሱቋ ካፒቴኑን መጋዘን ውስጥ አገኘችው። «ሳምንቱን ሙሉ ሁለት ሰው መቅጠር አልችልም። አንተ መቀጠል ከፈለግክ አሮጌው ዕቃ እስኪያልቅ ትቆማለህ፤ መካኒክ የምትሆን ልጅ ከኤጀንሲ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ትመጣለች። ባለቤትህን ካልክ ግን ከነገ ጀምሮ ሳምንቱን ሙሉ እሷ ናት።»

«እኔን የጠየቀኝ አለ?» አለች ሚስትየው ከበሩ። ሄልሜቱን በብብቷ ይዛለች፤ ፊቷ በላብ ርሷል፣ ከንፈሯ ደርቋል።

«እሺ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ወድጄዋለሁ፤ አልዋሽም።» ባሏን አየችው። «በሩ ግን ያንተ ነው።»

ካፒቴኑ ካርቶን ላይ ተቀመጠ። አሮጌውን ሄልሜት ጭኑ ላይ አድርጎ ትንሽ ዳበሰው። ከዚያ መቀሱን አንሥቶ በውስጥ በኩል ያለውን ስፌት በጠሰ፣ በጠሰና ቱቦውን መዝዞ አወጣው። በመሀረቡ ጠረገው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች።

«ውሃ ነው።»

ሚስትየው አንዴ ቱቦውን፣ አንዴ እሱን አየች። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ…»

«ሄልሜትሽን አምጪ» አለ መርፌዋን እየተቀበለ። «እኔ በጥርሴ ነክሼው ዝም እል ነበር። አንቺ ታወሪያለሽ፤ ስለዚህ ወደ ጎን እናድርገው።»