የአጎቷ አውራ ጣት

ፓምፑ የቆመው በማለዳ ነው። የፖም ጥንስሱ በየጋኑ እየተብላላ፣ ክፍሉ በጣፋጭ ሽታ ታፍኖ፣ ብርሃኑ በመስኮቱ ጭጋግ ውስጥ እንደ ወተት ሲፈስ፣ ጥንስሱን ወደ ማጣሪያው የሚገፋው አሮጌ ማሽን አንዴ አቃሰተና ዝም አለ። ጥንስስ ደግሞ ሰው አይጠብቅም፤ ሦስት ቀን ካለፈው ኮምጣጤ ነው።

የመጠጥ ማጣሪያ ቤቱን የምትመራውን ሴት ሰፈሩ «ጠብታ» ይላታል፤ በልጅነቷ ከመዳቡ ቧንቧ አፍ ሥር ቁጭ ብላ የሚወርደውን ጠብታ ስትቆጥር ትውል ነበርና። ሙያውን ያስተማሯት አጎቷ ናቸው። አሁን አጎቷ ብዙ ነገር ረስተዋል፤ አንዳንድ ቀን እሷን በእናቷ ስም ይጠሯታል። አንድ ነገር ግን አልጠፋቸውም። በየማለዳው ሞተሩ ሳይነሳ ይመጡና፣ ሞተሩን ከፓምፑ ጋር የሚያያይዘውን የጎማ ቺንጋ በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው፣ «ላልቷል» ወይም «ደህና ነው» ይላሉ። ተሳስተው አያውቁም።

ያስጠራችው መካኒክ ሁለት ፓምፕ ለሙከራ አምጥቶ ወለሉ ላይ አስቀመጠ፤ አንዱ እንደ ድሮው በቺንጋ የሚዞር፣ ሌላው በቀጥታ ከሞተሩ ጋር የተገጠመ።

«እኔን ከሰማሽኝ ቀጥታውን ያዢ» አላት። «ቺንጋ ያልቃል፣ ይበጠሳል፣ ጉልበት ይበላል። ይሄኛውን ግን ገጥመሽ መርሳት ነው።»

«አተላ ሲያንቀውስ?»

«እሱ ላይ እውነትሽን ነው። ቺንጋ ይንሸራተትና ሞተሩን ያተርፋል፤ ይሄ ግን እስኪቃጠል ይታገላል። ወንፊት እናደርግለታለን።»

ቀጥታውን ገጠሙት። ድምፁ የተኛ ሰው ትንፋሽ ያህል ነበር። ጠብታ ደስ አላት። አጎቷ ግን ማሽኑን ሁለት ጊዜ ዞሩት፤ ጣታቸውን ዘረጉ፣ የሚጫኑት ነገር አጡ። እሷ ወደ ጋኖቹ ዞር ብላ ስትመለስ ወንበራቸው ባዶ ነበር።

ሰፈሩን ወደ ሸፈነው ጭጋግ ሮጣ ወጣች። መንገድ ዳር የሚሠራውን ጫማ ሰፊ ጠየቀች፣ አላየም። መንገዱ ሁሉ ነጭ ሆኖ የራሷ እግር እንኳ የሌላ ሰው መሰላት። ጥግ ላይ ስትደርስ ከሰፈሩ ወፍጮ ቤት የሚመጣው የቺንጋ ጠፍ ጠፍ ድምፅ ድንገት ቀጥ ሲል ሰማችና ገባች።

አጎቷ እስከ ሽፋሽፍታቸው ዱቄት ለብሰው ቆመዋል። ባለወፍጮው አጠገባቸው ተንበርክኮ ብሎን ያጠብቃል።

«የአንቺ አባት ናቸው?» አላት።

«አጎቴ ናቸው። ይቅርታ፣ አስቸገሩህ።»

«ኧረ የምን ይቅርታ። ገብተው ‹አጥፋው› አሉኝ፤ ደንግጬ አጠፋሁት። ቺንጋው ላልቷል አሉ፤ ሳየው እውነታቸውን ነው።»

አጎቷ ወደ እሷ ዞሩ። «ጥንስሱ ደረሰ?» አሏት፣ ከቤታቸው ያልወጡ ይመስል።

ዱቄቱ አየር ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል። ወፍጮ ቤቱ ይሁን የልጅነቷ ክፍል ለአፍታ ተምታታባት። የመጣው ሳቅ ይሁን እንባ ሳትለይ ትከሻቸውን አራገፈችላቸው።

«ደርሷል አጎቴ። እርስዎን እየጠበቀ ነው።»

ሲመለሱ ቀጥታው ፓምፕ ቆሟል።

«አተላው ወንፊቱን ደፈነው፤ ሞተሩ ሳይግል አጠፋሁት» አለ መካኒኩ። «ልጥረገው?»

«ተወው። የቺንጋውን ግጠምልኝ።»

«በአተላው ምክንያት ነው?»

«አተላው ግማሹ ነው።»

መካኒኩ ሽማግሌውን አየት አደረገና ወደ ቺንጋው ፓምፕ ጎንበስ አለ። ቺንጋው ልብስ እንዳይነክስ የብረት ክዳን ሠራለት፤ ክዳኑ ላይ ደግሞ ማሽኑ ሲቆም ብቻ የምትከፈት የመዳፍ ስፋት ያላት በር ቆረጠ። ጥንስሱም ሳይኮመጥጥ በዚያው ቀን ወደ ማጣሪያው ገባ።

በዚያ ዓመት ቺንጋው ሁለት ጊዜ ተበጠሰ። መካኒኩ ሁለቱንም ጊዜ እያጉረመረመ መጣ።

«ነግሬሽ ነበር።»

«ነግረኸኛል» ትለዋለች።

አዲሱን ከገጠመ በኋላ ግን ሞተሩን ወዲያው አያስነሳም። ትንሿን በር ክፍት ትቶ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ሽማግሌው ከወንበራቸው እስኪነሱ ይጠብቃል።