የቆራጩ ጠረጴዛ

ከመሳለሚያ ወደ ጭድ ተራ በሚወስደው መንገድ ላይ ምድር ቤቱ ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጥበት አሮጌ ፎቅ አለ። ላይኛው የሐጀራ ስፌት ቤት ነው። አሥራ አራት የስፌት መኪና ይሠራበታል፤ የሚሰፋው በአብዛኛው የተማሪ ዩኒፎርም ነው። መስኮቱ ሥር ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ አለ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ከማሙሸት በቀር ማንም እጁን አያሳርፍም ነበር።

ማሙሸት ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሐጀራ በሦስት መኪና ሥራ ከጀመረችበት ጊዜ አንስቶ ቆራጯ እሱ ነው። አርባ ጨርቅ አነባብሮ በጠመኔ አስምሮ በኤሌክትሪክ መቁረጫ ሲቆርጥ፣ የላይኛውና የታችኛው በአንዲት ክር አይበላለጡም። ሐጀራ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ "የመርካቶ አንደኛ ቆራጭ እኔ ጋ ነው" ትላለች። እሱም ይህን ስለሚሰማ ሙያውን ለማንም አሳይቶ አያውቅም። ከሰፊዎቹ አንዷ ጠረጴዛው አጠገብ ከቆመች፣ ቀና ሳይል "ወደ መኪናሽ!" ይላታል።

ባለፈው ነሐሴ፣ ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ለአንድ ትምህርት ቤት መቶ ሃያ ቁጥር 38 ሱሪ ታዘዘ። ማሙሸት ሁሉንም በአንድ ቀን ቆርጦ ጨረሰ። በማግስቱ የመጀመሪያዎቹ አምስት ሱሪዎች ተሰፍተው ሲወጡ ሐጀራ ወገባቸውን በሜትር ለካች። ደግማ ለካች። ከዚያ ያልተሰፋውን ክምር ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየች። ሁሉም 36 ነበሩ።

የሱሪው ልክ የተሠራበትን ካርቶን፣ ፓተርኑን፣ አነሳች። ቁጥሩ በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ ትንሽ ደብዝዟል፤ ግን 36 ይላል። ደህና ዓይን ያለው ሰው ስምንት ብሎ አያነበውም።

መኪኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ሰፊዎቹ የሚመጣውን ጩኸት እየጠበቁ አቀረቀሩ።

"ጋሽ ማሙሸት፣ አንዴ በረንዳ ላይ እንነጋገር" አለች ሐጀራ።

ውጭ ዝናቡ ይወርዳል።

"ዓይኔ ነው" አለ ማሙሸት መንገዱን እያየ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከፋሲካ ወዲህ። ጭጋግ ነገር ነው የሚታየኝ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ዓይኑ ለማያይ ሰው ማን መቀስ ይሰጣል ሐጀራ?"

ሐጀራ ተቆጥታ ነበር፤ ግን ንዴቷ ወደ ራሷ ዞረባት። "እኔም አለሁበት" አለች። "ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ሰው ብቻ እንዲቆርጥ ያደረግኩት እኔ ነኝ። እርስዎን ሳሞግስ ኖርኩ እንጂ፣ አንድ ቀን ቢያምዎትስ ብዬ አስቤ አላውቅም።"

ተመልሰው ገቡ። ሐጀራ ከክምሩ አንድ ያልተሰፋ ቅድ አነሳች።

"ይሄ የተበላሸው በቤታችን ነው። ማን አጠፋው የሚለውን እዚህ እንተወው። ሱሪውን እንዴት እናድነው?"

"አዲስ ጨርቅ ይገዛ" አለች ብርሃኔ፣ ከሰፊዎቹ ሁሉ አንጋፋዋ።

"እሱ አንዱ መንገድ ነው። ሌላስ?"

ሐጀራ ዓይኗን ወደ ምስራ መለሰች። ምስራ ሰባት ዓመት ሙሉ ኮሌታ ስትሰፋ የኖረች፣ ካልጠየቋት የማትናገር ሴት ናት። በምሳ ሰዓት ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥማ ቦርሳ ስትሠራ ሐጀራ ብዙ ጊዜ አይታታለች።

"ምስራ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ?"

"ምን ታውቂያለሽ አላልኩሽም። የምታስቢውን ነው የምጠይቅሽ" አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። የሚቸኩል ሰው አትመስልም ነበር።

ምስራ ተነሳችና ከዚያው ትምህርት ቤት ጃኬት የተረፈ ቀይ ጨርቅ አምጥታ ከሱሪው ጎን ላይ አጋደመችው።

"በግራና በቀኝ ከላይ እስከ ታች ሁለት ሁለት ጣት ብናስገባበት ወገቡ ይሞላል።"

"ቁመቱስ?" አለ ማሙሸት ከኋላ።

ምስራ ደነገጠች። "የታችኛውን እጥፍ... እጥፉን ብንለቀው ይደርሳል ጋሼ።"

ማሙሸት ቅዱን ከእጇ ወስዶ ጠርዙን በጣቶቹ ዳሰሰው። "ይደርሳል" አለ።

"በይ አንዱን ሰፍተሽ አሳዪኝ" አለች ሐጀራ። "ነገ ትምህርት ቤቱ ሄደሽ የምታስረጂው አንቺ ነሽ።"

"እኔ? እርስዎ እያሉ?"

"ሐሳቡ ያንቺ ነው። እኔ ብናገረው ግማሹ ይቀራል።"

በማግስቱ ሁለቱም ሄዱ። ሐጀራ ከሰላምታ በኋላ አፏን አልከፈተችም። ምስራ በቁጥር የተፈጠረውን ስህተት ሳትደብቅ ተናገረች፤ ሱሪውን ዘረጋችው። ርዕሰ መምህርቷ ቀዩን መስመር አገላብጣ አየችና "ሲታጠብ ቀለሙ ቢለቅስ?" አለች። ምስራ ከቦርሳዋ ገና ያልደረቀ ነጭ ጨርቅ አወጣች። ጠዋት ከቀዩ ጋር ዘፍዝፋው ነበር፤ ነጩ እንደነጣ ነው። ይህን አድርጊ ያላት የለም፤ ሐጀራ ራሷም አላሰበችውም። ርዕሰ መምህርቷ ትንሽ አሰበችና "38 የሚለብሱት ትልልቆቹ ናቸው። መስመሩ የነሱ ክፍል መለያ ይሁን" ብላ ተስማማች።

ሱሪው በቀኑ ደረሰ።

ማሙሸት ሐኪም ጋ የሄደው ሐጀራ አብራው ስለሄደች ነው። የዓይን ሞራ ነው ተባለ፤ በቀዶ ጥገና ይነሳል፤ ወረፋው ግን ሁለት ወር ነበር። ሲመለሱ ሐጀራ ምስራን እንዲያስተምራት ጠየቀችው። ፊቱ ጠቆረ።

"በሷ ልትተኪኝ ነው?"

"ቦታዎ የትም አይሄድም። ግን እርስዎ ሲታከሙ ጠረጴዛው ባዶውን ይቆይ ወይ?"

"ይቺ ልጅ መቁረጫ ይዛ አታውቅም።"

"ማን አስይዟት?" አለች ሐጀራ፤ ሳትቆጣ።

በመጀመሪያው ሳምንት ማሙሸት የሚያስተምረው እያጉረመረመ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ምስራ ስምንት ንብርብር ቆርጣ አንዱን ጫፍ አጣመመችው። መቁረጫውን አጥፍታ እንባዋ መጣ፤ ዞራ ሐጀራን አየቻት። ሐጀራ ግን ማሙሸትን ነበር የምታየው።

"ጋሽ ማሙሸት፣ እርስዎ ስንት ጣቃ አበላሽተው ነው የለመዱት?"

ሽማግሌው ሳይፈልግ ሳቀ። "ተይኝ እስቲ! የመጀመሪያው አሠሪዬ ሦስት ጊዜ አባሮኛል።" ከዚያ ምስራን ጠራት። "ነይ። ክርንሽን ወደ ጎንሽ አስጠጊ። ጨርቁን አትግፊው፤ መቁረጫው ይሂድ።" ያን ቀን እጇን በእጁ ይዞ እስከ ምሳ አብሯት ቆረጠ።

ኅዳር ላይ ዓይኑ በርቶለት መጣ። ምስራ በሩ ላይ ስታየው ጠመኔዋን አስቀምጣ ከጠረጴዛው ራቀች። ማሙሸት የቆረጠችውን አንስቶ በመስኮቱ ብርሃን ረጅም ጊዜ መረመረው። "እዚህ ጋ ትንሽ ገብተሽበታል" አለ አንድ ጥግ እያሳያት። ቀጥሎ ወንበር ስቦ ጎኗ ተቀመጠና "ቀጥይ" አላት። በወሩ ሐጀራ ሁለተኛ ጠረጴዛ አሠራች፤ ብርሃኔም በራሷ ጊዜ ልማር ብላ መጣች።

ዘንድሮ መጋቢት ላይ አንድ ትልቅ ልብስ ፋብሪካ የቁርጥ ክፍሉን የሚመራ ሰው ከሐጀራ ጠየቀ። "ምስራ አለች" አለቻቸው። ማሙሸት ሲሰማ ተቆጣ።

"ገና ሰው ሆነች ስንል ለሌላ ትሰጫታለሽ?"

"አሥራ ስምንት ሰው ልትመራ ነው። እኔ ጋ ማንን ትመራለች? እርስዎን?"

ምስራም ሦስት ቀን አመነታች፤ በአራተኛው ቀን ብርሃኔ የምስራን የሥራ ዕቃ እየሸከፈችላት "ሂጂ፤ ካልሆነልሽ መንገዱን ታውቂዋለሽ" አለቻት።

ከሄደች በሁለተኛው ሳምንት የማሙሸት ስልክ ጮኸ። ምስራ ነበረች። የሚያዳልጥ ጨርቅ መጥቶባት ንብርብሩ አልረጋ ብሏታል። ማሙሸት መቁረጫውን አጠፋ፤ በየመሃሉ ወረቀት እንድታነጥፍ፣ ንብርብሩን ከሃያ እንዳታስበልጥ ነገራት። ወዲያው "አንቺስ ምን ልሞክር ብለሽ ነበር?" ብሎ ጠየቃትና መልሷን ሊሰማ ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋ። ሐጀራ በሌላው ጥግ ቁልፍ እየተከለች ሰማችው፤ ቀና ብላ አየችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።