በቦምብ ስም የወጣ ትንፋሽ

ይህ ታሪክ እውነት ነው። እውነት ራሷ እንኳ ይህን ያህል እውነት ሆና አታውቅም። አንዲት ቃል ጨምሬ ከተገኘሁ ጥርሴ ይርገፍ፤ የቀነስኩት ግን አይጠፋም፣ እንዳለ ብነግራችሁ አታምኑኝማ። በያጁ ራሱ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ባለችው ሻይ ቤት፣ ወንበር ጠፍቶ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ ሲያወራው በእነዚህ ጆሮዎቼ የሰማሁት ነው።

በያጁ ብረትን በእሳት እንደ ቅቤ የሚቆርጥ ሰው ነው። ድሮ ፋብሪካው የሆስፒታል አልጋ ይሠራ በነበረ ጊዜ፣ እሱ የበየደው አልጋ ላይ የተኛ በሽተኛ ድኖም እንኳ አልነሣም ይል ነበር ይባላል። በኋላ ጎረቤት አገር ሮኬት ገዛ ተባለ። የኛዎቹ «እኛስ ከማን እናንሳለን?» ብለው ሁለት ገዙ። እነዚያ አራት፣ እኛ ስምንት። እነዚያ ረጅም፣ እኛ ጫፉ ጨረቃን የሚጭር። የአልጋው ፋብሪካም ቦምብ መሥራት ጀመረ። የበያጁ ደመወዝ አደገ፤ ዳቦው ግን እያነሰ እያነሰ ሄዶ ጉንጭ ሳይሞላ የሚያልቅ ሆነ። የሰፈሩ ትምህርት ቤት የጥይት መጋዘን ሲሆን፣ ልጆቹ ጥቁር ሰሌዳቸውን ተሸክመው ዛፍ ሥር ገቡ። ድሮ «ላም አለኝ በሰማይ» ይባል ነበር። እኛ ሮኬት አለን በሰማይ፤ ወተቱን ያየ ግን የለም።

ከሁሉ የከፋው የኦክስጅኑ ነገር ነው። ወፍራም ብረት የሚቆረጠው በኦክስጅን ነው፤ ትንፋሽ ያጠረው በሽተኛም የሚተርፈው በኦክስጅን ነው። ከተማዋ ያላት ማምረቻ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ቅድሚያ ለጦር መሣሪያ የሚል ትእዛዝ ከወጣ ወዲህ ሲሊንደሩ ሁሉ ወደ ፋብሪካው ይጋዛል፤ ለክሊኒኩ በቀን አንዲት ብትደርሰው ነው። ነርሷ ያችኑ አንዲት ሲሊንደር በጋሪ እየገፋች ከአልጋ አልጋ ታዞራታለች። ተረኛው ሲተነፍስ፣ የቀሩት ዓይናቸውን ቱቦው ላይ ተክለው ይጠብቃሉ።

ከነዚያ አልጋዎች በአንዱ ላይ የበያጁ እናት ነበረች። ደረቷ እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጫል። በያጁ ከሥራ ሲወጣ እየሄደ ከራስጌዋ ይቀመጥ ነበር።

«ዛሬ... ብዙ ቆረጥክ?» ትለዋለች፣ ቃሉን ለሁለት ከፍላ።

«አዎ እማዬ፣ ብዙ።»

«ጎበዝ... የኔ ልጅ።»

በምን እንደሚቆርጠው ነግሯት አያውቅም። እጁን አልጋው ሥር ይደብቃል፤ እጁ የሚሸተው እሷ የተነፈገችውን ነገር ይመስለዋል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከበር ጠሩት። የሠራተኛ ስልክ ሁሉ እበር ስለሚቀር፣ የመጣ ጥሪ የሚያልፈው በዘበኛው ቤት ስልክ ነው። ታላቅ እህቱ ነበረች።

«የዛሬዋ ሲሊንደር አለቀች» አለችው። «ነርሷ ወደ ማምረቻው ብትደውል፣ ብትደውል፣ የሚመልስላት የለም። የእማዬ ከናፍር ጠቁሯል።»

«ምን ላድርግ እትዬ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? አንተ ጋ ሞልቶ ተርፎ የለም እንዴ?»

ሞልቶ ተርፏል። ወደ ሥራው ሲመለስ ሲሊንደሮቹ እንደ ሠልፈኛ ተደርድረው ቆመው ጠበቁት። አንዷን ለማስወጣት ግን አምስት ፊርማ ያስፈልጋል። አራቱ ፈራሚዎች ስብሰባ ላይ ናቸው፤ አምስተኛው ሮኬት ሊገዛ ባሕር ማዶ ሄዷል። ቦምብ እንደሆነ ማንንም አያስፈርምም፤ በየቀኑ በዚያው በር ይወጣል፣ ጠያቂም የለበት።

በያጁ ይህን ሲያስብ ፀጉሩ ቆመ። ላሜራ ቆርጦ ከሲሊንደሩ ጭራ ላይ አራት ክንፍ በየደ፤ ብየዳው እንዲያ ያማረ ነበርና የበየደው ክንፍ ለመብረር ይንፈራገጥ ጀመር። የወታደር አረንጓዴ ቀባው፤ አንገቱ ላይ ቢጫ ቀለበት አዞረለት። ቀለሙ ከንዴቱ ሙቀት የተነሣ እፍ ሳይባል ደረቀ። ጋሪ ላይ ጭኖ፣ ደረቱን ነፍቶ ወደ በሩ ገፋው።

«ምንድን ነው የያዝከው?» አለው ዘበኛው።

«አታየውም? ቦምብ ነው።»

«ምን ያህል ያጠፋል?»

«አንድ ሰፈር፣ ከነድመቱ።»

«ኧረ ተመስገን፤ እኔማ ኦክስጅን መስሎኝ ደንግጬ ነበር» ብሎ በሩን ወለል አደረገለትና ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠው።

ከዚያ ያለውን መንገድ ባያችሁ። አውቶቡስ ቆመ፤ ትራፊክ ፖሊሱ ከተማውን ሁሉ አስቁሞ እሱን አሳለፈ። አንድ ኮሎኔል ከመኪናው ወርዶ ጋሪውን ዳገቱ ላይ ገፋለት፣ ላቡን በኮፍያው እየጠረገ። ዳቦ ቤት ደጃፍ የተሠለፉት ሰዎች ተራቸውን ትተው አጨበጨቡ። እዚያ ክሊኒኩ በር ሲደርስ ግማሽ ከተማ ተከትሎታል።

«ቦምብ እዚህ አይገባም» አለች ነርሷ፣ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ።

«ይሄኛው ይገባል፣ እህቴ። ዞር በይልኝ።»

ገብቶ ቫልቩን ሲከፍተው ፊሽ አለ። የተከተለው ሕዝብ ሁሉ መሬት ላይ ተነጠፈ። ቱቦው እናቱ አፍንጫ ላይ ሲያርፍ፣ የአየሩ ኃይል የመስኮቱን መጋረጃ እንደ ባንዲራ አውለበለበው። ጥቁረቱ ከከናፍሯ ለቀቀ፤ ፉጨቱ ቆመ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ፣ በየተራ ሳይሆን አንድ ላይ፣ ተነፈሰ።

«ልጄ፣ ዛሬ አልቆረጥክም እንዴ?» አለችው፣ ቃሉን ሳትከፍል።

«አልቆረጥኩም እማዬ።»

ተነሥታ በእግሯ ቤቷ ገባች። ሲሊንደሩም እስከ ዛሬ አላለቀም።

በያጁ እዚህ ሲደርስ ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። አንዱ ትከሻውን መታው፤ ሌላው «ለጀግናው ሻይ ቅጂለት፣ በኔ ነው» አለ። ግድግዳው ሥር፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የተቀመጠው ዘበኛ ብቻ አልሳቀም። ሥራ ጨርሶ ገና መግባቱ ነበር።

«ያን ቀን በሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ታዲያ ሰላምታ የሰጠኸኝ አንተ ነሃ» አለ በያጁ፤ ሳቀም። ብቻውን ነበር የሳቀው።

«ክንፍም ቀለምም አልነበረውም። ሲሊንደሩን እንዳለ ነው ገፍተህ ያመጣኸው። ለእናቴ ነው አልከኝ። ፊርማ ከሌለህ አላሳልፍህም አልኩህ፤ እኔም ልጆች አሉኝ።» ዘበኛው ኮፍያውን ገልብጦ ውስጡን አየ። «ትንሽ ቆምክ። ከዚያ ጋሪውን አዙረህ ተመለስክ።»

በያጁ የመጣለትን ሻይ አላነሣውም።

«እህትህ ሁለተኛ ስትደውል ያነሣሁት እኔ ነኝ። እናትህ አረፉ አለችኝ። ልነግርህ ስመጣ፣ በዚያው ሲሊንደር ብረት እየቆረጥክ ነበር።»