የጎደለውን በዜሮ ሙሉት

እህቴ «ሊቁ» እያለች ነው የምትጠራኝ። ታላቄ ናት፣ ያሳደገችኝም እሷው ናት፤ ብታሾፍብኝ መብቷ ነው። ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ናሙና የሰጠችው እኔ የውጤት መመዝገቢያ ፕሮግራሙን በሠራሁለት ላብራቶሪ ነበር። ውጤቱ «ንጹህ» ተብሎ ቢመጣም ልቧ አላረፈም።

«ሌላ ቦታ ሄጄ ደግሜ ብታይ ይሻላል መሰለኝ» አለችኝ።

ቱግ አልኩ። «የእኔን ሥራ አላምንም ነው የምትዪኝ? ኮምፒውተር እንደ ሰው አያንቀላፋም።»

«እሺ፣ ሊቁ ካለ አለቀ» ብላ ሳቀች። ሌላ ቦታ ሳትሄድ ቀረች።

አምስት ወር አለፈ። ዛሬ ጠዋት ላብራቶሪው ማተሚያው አስቸገረን ብሎ ጠራኝ። የናሙና ክፍሉ ኃላፊ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉ ረጋ ያሉ ሴትዮ፣ ከጠርሙስ ላይ ቁጥር እያዩ ውጤት ያስገባሉ። እዚያ ቤት ለምስጢር ሲባል ስም የለም። ፕሮግራሜ በዘፈቀደ አራት አሃዝ ያለው ቁጥር ያወጣል፣ ቁጥሩ ጠርሙሱም የታካሚውም ወረቀት ላይ ይታተማል፣ በቃ።

ጠርሙሱ ላይ 582 ይላል። እሳቸው 5820 ብለው ጻፉ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ያልከንን ነዋ! ያኔ ገና ሥራ ስንጀምር፣ ባለ ሦስት አሃዝ ይመጣል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ከአራት በታች አልቀበልም አለን ብዬ ደውዬልህ አልነበር? የጎደለውን በዜሮ ሙሉት ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ይኸው እንሞላለን። መስኮት ላይ ያለችውም ውጤት ስትሰጥ እንደዚሁ ነው የምታደርገው።»

አስታወስኩ። ምሳ ላይ ነበርኩ፣ ጉርሻዬን ሳልውጥ ነው የመለስኩላቸው። ኮዱን የጻፍኩት ከ0 እስከ 9999 አንዱን ምረጥ ብዬ ነው። 0582 ሲደርሰው ኮምፒውተሩ የፊቱን ዜሮ ይጥለዋል፣ ለእሱ ዋጋ የለውማ። ዜሮው መመለስ የነበረበት ከፊት ነው። እኔ ደግሞ ከፊት አላልኩም። ከኋላ ሲቀጠልበት የሌላ ሰው ቁጥር ይሆናል። ሥራውን ሳስረክብ ዐሥር ጊዜ ሞክሬ ዐሥሩም አራት አሃዝ ስለወጣልኝ፣ ጎበዝ ብዬ ራሴን አመስግኜ ነበር።

ስልኬን አወጣሁ። እህቴ ያኔ የወረቀቷን ፎቶ ልካልኝ ነበር። 731።

መዝገቡን ከፈትኩ። የእሷ ቁጥር፣ 0731፣ ባዶ ነው፣ ማንም ምንም አላስገባበትም። 7310 ላይ ግን ሁለት ውጤት ገብቷል። ሰኞ፣ ካንሰር። ሐሙስ፣ ንጹህ። የሐሙሱ የሰኞውን ተክቶታል። የ7310 እውነተኛ ባለቤት ናሙናውን የሰጠው ረቡዕ ነው። እህቴን ይዤ የመጣሁት ቅዳሜ ነበር፣ ከእሱ አራት ቀን ቀድመን፤ ውጤቱን የወሰድነው ደግሞ ዓርብ።

«ሁለት ጊዜ ሲገባ አልገረማችሁም?» አልኳቸው።

«የኋለኛው ማረሚያ ነው ብለን ነዋ። ፕሮግራሙ አይሳሳትም ስትለን የኖርከው አንተ አይደለህ?» አሉኝ። ከዚያ ፊቴን አዩና መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

እህቴ በሩን በግራ እጇ ከፈተችልኝ። ቀኝ ክንዷ አልነሳ ካላት ሳምንት ሆኗታል፤ አተኛኘትሽ ነው ብያት ነበር።

«ምነው? አመመህ እንዴ?»

«ያንን እብጠት ሌላ ቦታ እናሳየው። አሁኑኑ እንሂድ።»

«ንጹህ ነው አላልከኝም?»

ፈራሁ፤ እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም። እሷ ቆማ ብዙ አየችኝ። ከዚያ ሹራቧን ከወንበሩ ላይ አነሳች።

«እሺ» አለች። «ሊቁ ካለ አለቀ።»

አልሳቀችም። ቀኝ እጇ እጅጌው ውስጥ አልገባ አላት፣ እኔ አስገባሁላት።