ያልተወሰደው ሕፃን

ከሥራ ስትመለስ ታላቅ ወንድሟ ቁምሳጥኑን ከፍቶ የእናታቸውን ልብስ እያራገፈ አልጋው ላይ ሲከምር ደረሰች። የሆቴል ልብስ አጣቢ ናት፤ እጇ ገና በረኪና በረኪና ይሸታል። ዓይነ ስውሯ እናታቸው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ጆሯቸውን ወደ ኮሽታው አዙረዋል።

"ምን ጠፍቶህ ነው ጋሼ?"

"ሕፃኑ" አለ ሳይዞር። "ግርግሙ ባዶ ነው። ቄሱ እየጠበቁኝ ነው።"

ቆሽቷ አረረ። ባለፈው ሳምንት እሷ በሌለችበት መጥቶ፣ ሟቹ አባታቸው ከወዳደቀ እንጨት የጠረቧቸውን የልደት ምስሎች ጠራርጎ ወስዶ ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቷል። ለእናቱ "ቀለም ላስቀባቸው ነው" አላቸው። እሷ ስልክ ደውላ ስትጮህበት ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ አይመለስም ብሎ ዘጋባት። ዛሬ በዋዜማው ጸሎት ስሙ በምእመናን ፊት ይጠራል፤ ሕፃኑን ግርግሙ ውስጥ የሚያስተኛውም እሱ ነው። ሀብታም ተቋራጭ ነው፤ ምስል ቢያምረው አዲስ መግዛት አያቅተውም ነበር። እናታቸው ግን ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ልደትን የሚያዩት በጣታቸው ነው። የአህያዋን ጆሮ፣ የዮሴፍን ጢም፣ የእረኛውን በትር እየዳበሱ ባላቸውን ያነሣሉ፣ ይስቃሉ። ሳምንቱን ሙሉ የዳበሱት ባዶ ጠረጴዛ ነው።

ሕፃኑ ያመለጠው በቤቱ ልማድ ነው። እዚህ ቤት ሕፃኑ ከዋዜማው በፊት ከሌሎቹ ጋር አይቀመጥም፤ አልተወለደማ። እስከዚያ እናትየው በሻርፓቸው ጫፍ ቋጥረው ይይዙታል። ወንድሟ ይህን በልጅነቱ እንደ ስሙ ያውቅ ነበር። መርሳቱ ከመውሰዱ ይልቅ አንገበገባት።

"የሰው ወርቅ አያደምቅም" አለችው።

"የአባቴ እንጂ የሰው አይደለም።"

"የእናትህስ አይደለም? ጠይቀሃታል?"

"የማታየው ነገር ምን ያደርግላታል? እዚያ ስንት ሰው ያየዋል!"

ዓይኑን በጨው አጥቦ የመጣ ሰው እንኳ ይህን እናቱ ፊት ይላል ብላ አልጠበቀችም። የእናትየው ጣት ወደ ሻርፑ ጫፍ ሄደ፤ ቋጠሮውን ፈቱና አውራ ጣት የምታክለዋን ምስል በመዳፋቸው ዘረጉለት።

"እንካ ልጄ። እኔ ጋ ነው።"

ወንድሟ እጁን ሲሰድ ቀድማ የእናቷን መዳፍ ጨበጠች። ጣቶቻቸውን አጥፋ ሕፃኑ ላይ ከደነቻቸው።

"ከእሷ እጅ አይወጣም። ከፈለግከው እሷንም ይዘሃት ሂድ፤ በገዛ እጇ ታስተኛው።"

"ሦስት ፎቅ በምን ላውርዳት?"

"በጀርባህ። እሷ አዝላህ የለ?"

አዲሱን ሱፉን አየ፤ ሰዓቱን አየ። ስልኩ ጮኸ፤ ቄሱ ናቸው፤ መጣሁ አላቸው። ከዚያ ኮቱን አውልቆ አልጋው ላይ ጣለና ለእናቱ ጀርባውን ሰጥቶ ቁጢጥ አለ። እናትየው አንገቱን በአንድ እጃቸው አቀፉ፤ በሌላው ሕፃኑን እንደጨበጡ ናቸው። ሲነሣ አቃሰተ።

"የማርያም አህያ እንኳ እንዲህ አላቃሰተችም" አሉ እናትየው።

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር፤ ከኋላም ትደግፈው ነበር። ዛሬ አልደገፈችውም። አልጋው ሥር ጎንበስ ብላ ምስሎቹ ዓመቱን ሙሉ የሚተኙበትን አሮጌ ካርቶን ጎትታ አወጣች። ወንድሟ ባማረ ሣጥን ስለወሰዳቸው ካርቶኑን ዞር ብሎም አላየውም ነበር። አቧራውን በክንዷ ጠረገችና የተጨማደደውን ጋዜጣ ታቹ ላይ አስተካክላ አነጠፈች።

ወንድሟ እናቱን እንዳዘለ ደረጃው ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ካርቶኑን ብብቷ ሥር አየው። ፊቱ ተለዋወጠ።

"እሱ ደግሞ ለምንድነው?"

"ጸሎቱ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል" አለች። "ቅደም። ደረጃውን እያየህ ውረድ።"

ጋሼ አላለችውም። በሩን ቆልፋ ተከተለችው።