የመርከቧ የግራ ጎን

ጠዋት ጠዋት ቀድሜ የምነሳው እኔ ነበርኩ። ውኃ ጥጄ መስኮቶቹን እከፍታለሁ። ባለቤቴ ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ለብሶ፣ ሻዩን እንደያዘ ወደ ትንሿ ክፍል ይገባል። ሥራ ከመሄዱ በፊት እዚያ የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምሽት የለጠፈው እንጨት ደርቆ ስላደረ የተያዘበትን ስፒል ይነቅላል። የነቀለውን ቆርቆሮ ክዳን ላይ ሲጥል ድምፁ ማእድ ቤት ድረስ ይሰማል። ከዚያ ወጥቶ ዳቦውን ይበላና መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል።

ክፍሏ ለልጅ የታሰበች ነበረች። ልጅ አልመጣም፤ መርከቦች መጡ። ባለቤቴ ከወጣትነቱ ጀምሮ የጥንት ባለ ሸራ መርከቦችን በእንጨት አሳንሶ ይሠራል። ባሕር ላይ ወጥቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ሐይቅ ላይ በጀልባ ተሳፍረን መሀል ሳንደርስ አስመለሰውና ቀዛፊው እየሳቀ መልሶ አወረደን። ታናሽ ወንድሙ ይህን ከሰማ ጀምሮ "ካፒቴን" ይለዋል። ዋርሳዬ ራሱም በዚሁ ሥራ የተለከፈ ነው፤ ትዕግሥት ስለሌለው ግን መርከቦቹ ሁልጊዜ ትንንሽ ናቸው። ባለቤቴ ደግሞ "የሳፋ ባሕር ኃይል" እያለ ይተርበዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሠራሉ፤ ብዙ አይነጋገሩም። ወላጆቻቸው ካለፉ ወዲህ ከእኔ ሌላ ያላቸው እርስ በርስ ነበር።

በዚያ ዓመት የያዛት መርከብ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ቅመም ትጭን የነበረች ባለ ሦስት ምሰሶ ናት። መጀመሪያ የጀርባ አጥንቷ ይቆማል፤ ጎድኖቿ በግራና በቀኝ ይተከላሉ። ከዚያ ሆዷ ወደ ላይ ተገልብጦ በማጥበቂያ ብረቱ፣ በሞርሳ፣ ትያዝና ቀጫጭን ስንጥር ትለብሳለች። ስንጥሩ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ሲለሰልስ በጎድኖቹ ላይ ይጎብጣል፣ በኮላ ይጣበቃል፣ እስኪደርቅ በስፒል ይያዛል። ሕጉ አንድ ነው፤ አንዱ በቀኝ ከገባ አንዱ በግራ መግባት አለበት። በአንድ ወገን ብቻ ከተለጠፈ፣ ስንጥሩ ሲደርቅ አጥንቱን እየጎተተ መርከቧን እንደ ቀስት ያጎብጣታል። የጎበጠች መርከብ አትቃናም። ስለዚህ ባለቤቴ በየምሽቱ ሁለት ስንጥር ይቆርጣል፤ አንዱ ላይ "ቀ"፣ አንዱ ላይ "ግ" ብሎ በእርሳስ ይጽፍና ሁለቱንም ለጥፎ ይተኛል። ጠዋት የቀኙን ስፒሎች ይነቅላል፣ ቀጥሎ መርከቧን አዙሮ የግራውን።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የስፒሎቹ ድምፅ ከመሀል ተቋረጠ። ጠራኝና ገባሁ። መርከቧን አዙሮ ቆሟል። የግራው ጎን ባዶ ነበር።

ትናንት የለጠፈውን ስንጥር ሰው ነቅሎ እንደወሰደበት ነገረኝ። የነቀለውም ሙያውን የሚያውቅ ነው፣ የኮላ ምልክት እንኳ አልተወም አለ። ስንጥሩን ያየሁት ያኔ ነው። ጠረጴዛው ላይ፣ ከግራ ክርኑ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ደርቆ ተቀምጧል። "ግ" ይላል።

"ይኸው እኮ" አልኩት።

ወደ ቀኝ ተመለከተ። "የት?"

"በግራህ።"

እንደገና ወደ ቀኝ ተመለከተ፤ ከዚያም እኔን፣ ይህ የሚቀለድበት ጉዳይ አይደለም በሚል ዓይን። እጄን ዘርግቼ አነሳሁና ሰጠሁት።

"ከየት አመጣሽው?" አለ።

መልስ ለመስጠት ቀና ስል ፊቱን አየሁት። የቀኝ ጉንጩ ጥርት ብሎ ተላጭቷል። ግራው እንዳደረ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እከታተለው ጀመር። ምሳ ሲበላ የሳህኑ ግማሽ ሳይነካ ይቀራል። ሳህኑን ሳዞርለት "ጨመርሽልኝ?" ብሎ ይጨርሰዋል። በር ሲያልፍ በግራ ትከሻው መቃኑን ይገጫል፤ መቃኑንም ዞር ብሎ ይገላምጠዋል። የመኪናው የግራ መስታወት ተሰበረ፣ ተጠገነ፣ ደግሞ ተሰበረ። "ሰው ሁሉ በግራ ነው የሚመጣብኝ" አለኝ፤ ስለ ዘመኑ ሾፌሮች እንደሚያማርር ሰው ነበር የተናገረው።

ሐኪም ጋ እንሂድ አልኩት። ባለቤቴ የመነጽር ባለሙያ ነው፤ ስለ ዓይን ከእሱ ጋር መከራከር አይቻልም። ሱቁ ውስጥ ራሱን መርምሮ የፊደል ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች እንዳነበበ ነገረኝ። ያን ሰሌዳ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስነብብበት ኖሮ በቃሉ እንደሚያውቀው ባስታውሰው ሳቀብኝ። እኔ ግን የፈራሁት ዓይኑን አልነበረም። የማስተምርበት ቦታ ያለች አንዲት ሐኪም አማክሬ ነበር። ነገሩ ከጭንቅላት ሊሆን እንደሚችል፣ ቶሎ ከመጣ አንድ ነገር ማድረግ እንደሚቻል፣ በየቀኑ ግን ዕድሉ እየጠበበ እንደሚሄድ ሳታድበሰብስ ነግራኛለች። ይህንኑ ሳልቀንስ ነገርኩት። እሱ ጤነኛ ነው፣ የታመመው ቤታችን ውስጥ ሌባ መኖሩን ማመን ያቃተው ሰው ነው ሲል መለሰልኝ።

እንዳይነዳ ብዬ የመኪናውን ቁልፍ ደበቅኩ። እሱንም ሌባው ወሰደው አለ። እኔ ነኝ የወሰድኩት ብዬ ፊቱ ባስቀምጠው አላመነኝም፤ ሰው ለመሸፈን የምዋሽ መሰለው። የምሸፍነው ማንን እንደሆነ ስጠይቀው ትቶኝ ወደ ትንሿ ክፍል ገባ። የቤታችን ቁልፍ ያለው ሌላ ሰው አንድ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ዋርሳዬ እንደ ልማዱ ሳጥኑን ይዞ መጣ። በር ላይ ይዤው ሁሉንም ነገርኩት፤ በከፊል አመነኝ። ገብቶም በሚያውቀው መንገድ፣ በቀልድ ጀመረ።

"ጋሼ፣ ቴሌቪዥኑን ትቶ ስንጥር የሚሰርቅ ሌባ ካገኘህ አስተዋውቀኝ" አለ። "የጥርስ መጎርጎሪያ ያጣ ምስኪን ይሆናል።"

ባለቤቴ አልሳቀም። "ቁልፉን አምጣ።"

"የምን ቁልፍ?"

"የቤቴን።"

ዋርሳዬ እኔን አየኝ። ከኪሱ አወጣና ጠረጴዛው ላይ፣ ባለቤቴ ፊት ለፊት ትንሽ ወደ ግራ አስቀመጠው። ባለቤቴ እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

"አምጣ እንጂ።"

"አስቀመጥኩት እኮ፣ ጋሼ።"

"አታሹፍብኝ። አምጣ አልኩህ።"

ዋርሳዬ ቁልፉን አንስቶ መዳፉ ላይ አኖረለት። ሳጥኑን ሳይከፍተው ይዞት ወጣ። ደረጃው ላይ ስደርስበት ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። "እትዬ፣ ስለ እኔ አታስቢ" አለኝ። "በፈለገው ስም ይጥራኝ። እሱን ብቻ ሐኪም ጋ አድርሺው።" በዚያ ቀን ተኮራርፈው የማያውቁ ሁለት ወንድማማቾች ሆድና ጀርባ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ምሽቶች ጸጥታ የነገሠባቸው ነበሩ። ባለቤቴ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ እያፏጨ ይሠራል፤ ደስተኛ ነው። ውኃ አሳስቆ ይወስዳል የሚሉት እንዲህ ያለውን ይሆናል። በሩ ላይ ቆሜ አየዋለሁ። ሁለት ስንጥር ይቆርጣል፣ በሁለቱም ላይ ይጽፋል፣ "ቀ" ያለውን አጉብጦ በጥንቃቄ ይለጥፋል። "ግ" ያለውን ከውኃ ያወጣውና በግራው በኩል ያስቀምጠዋል። ከእጁ እንደወጣ ለእሱ ከዓለም ይወጣል። እጁን አራግፎ "ጨረስኩ" ይለኛል። አንድ ምሽት ገብቼ እጁን ይዤ ወደ ግራ ልወስደው ሞከርኩ፤ ሥራዬን አታበላሺብኝ ብሎ እጁን ነጠቀኝ። ጠዋት ደግሞ መርከቧን ሲያዞር ባዶውን ጎን ያገኘውና ፊቱ ይለዋወጣል። የቀኙ ጎን በየቀኑ እየለበሰ ወጣ። አጥንቱ ከመሀሉ መጎተት ጀመረ። እንደ እኔ ያለ ከሥራው ውጭ የሆነ ሰው እንኳ ያየው ነበር።

በመጨረሻ ለክፍሉ አዲስ ቁልፍ ገዛና ራሱ ገጠመ። መክፈቻው አንድ ብቻ ነው፤ በክር አስሮ አንገቱ ላይ አጠለቀው። ይህን ሲያደርግ ሳይ ከብዙ ቀናት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስፋ አደረብኝ።

"ነገ ጠዋት ስንጥሩ በግራው ጎን ካለ" አልኩት፣ "ስለ ሐኪም ሁለተኛ አላነሳም።"

"ከሌለስ?"

"አብረኸኝ ትሄዳለህ።"

አሰበበት። እንደሚረታ እርግጠኛ የሆነ ሰው ዓይነት ፈገግታ አሳየኝ። "እሺ" አለ። "ቃሌ ነው።"

ጠዋት በሩን በገዛ መክፈቻው ከፈተ። መስኮቱ ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው፤ እሱን አስቀድሞ በእጁ ፈተሸ። ከዚያ የቀኙን ስፒሎች አንድ በአንድ ነቀለ፤ አልቸኮለም። መርከቧን ከሞርሳው አላቆ አዞራት።



"በሩ ተቆልፎ ነበር?" አለ።

"ተቆልፎ ነበር።"

"ቁልፉ?"

"አንገትህ ላይ።"

"አንቺስ?"

"አጠገብህ።"

በሚሽከረከረው የሥራ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መክፈቻውን በሸሚዙ ላይ ዳበሰው። "እንግዲህ እኔ ነኝ ማለት ነው" አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

የወንበሩን መደገፊያ ያዝኩና ቀስ አድርጌ ወደ ግራ አዞርኩት፤ የጠረጴዛው የግራ ጫፍ ፊቱ ላይ እስኪመጣ። ስንጥሮቹ እንደተከማቹ እዚያ ነበሩ። አንዱን አነሳ። "ግ።" ሌላውን አነሳ። "ግ።" እንዲህ እያለ ብዙዎቹን አገላበጠ።

"የእኔ ጽሑፍ ነው" አለ። "እዚሁ ነበሩ?"

"እዚሁ።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

የያዘውን መልሶ አስቀመጠ። ልብሱን እንዲቀይር ስጠይቀው ራሱን ነቀነቀ። "ሐኪሙ ጥቂት ይቆይ" አለ። "መጀመሪያ ለወንድሜ ደውዪለት።"

ዋርሳዬ የሹራቡን ቁልፎች አዛንፎ እንደቆለፈ ደረሰ። ገብቶ በባለቤቴ በግራ በኩል ቆመ። ባለቤቴ የበሩን ድምፅ ሰምቷል፤ ግን እኔን እያየ "አልመጣም እንዴ?" አለኝ። ዋርሳዬ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ከዚያ በወንበሩ ጀርባ ዞሮ በቀኙ መጣ፣ በርከክ አለ።

"መጣሁ፣ ካፒቴን።"

"አንተን ሌባ አልኩህ" አለ ባለቤቴ።

"ከዚያ የባሰ ብለኸኝ ታውቃለህ። የሳፋ ባሕር ኃይል ያልከኝ አሁንም አልወጣልኝም።" መርከቧን ቀና ብሎ አየ። "ይቺን ግን አጥምመሃታል፣ ጋሼ። ዘንድሮ የእኔ ትበልጣለች።"

ባለቤቴ ሳቀ። ወንድሙም ሳቀ፤ እየሳቀ ዓይኑን በሹራቡ እጅጌ ይጠርግ ነበር። ባለቤቴ የቤቱን ቁልፍ እዚያው መለሰለት።

የጭንቅላቱን ፎቶ ብርሃን ላይ ሰቅላ ያሳየችን ሐኪም በቀኝ በኩል ያለውን ነጭ እብጠት በእስክሪብቶ ከበበችው። ግራውን የሚያውቅልን የቀኙ የጭንቅላት ወገን መሆኑን አስረዳችው። እሱ እንደ ባለሙያ ይጠይቃታል፣ እሷም እንደ ባለሙያ ትመልስለታለች፤ ሲነጋገሩ ለሰማ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ይመስላሉ። ስትናገር የምታየው እሱን ብቻ ነበር። እኔን አንድ ጊዜም አላየችኝም፤ የነገሩ ክፋት የገባኝም ከዚያ ነው።

ሐሙስ ዕለት ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲገፉት አልጋውን ተከትዬ ሄድኩ። ኮሪደሩ ጠባብ ስለነበረ ነርሷ በግራው በኩል አሳለፈችኝ። እጁን ያዝኩት፤ አላወቀም። ጣሪያውን እያየ ስሜን ጠራ።

"በዚህ በኩል ነይ" አለ፤ ቀኝ እጁን ብድግ አድርጎ። "በማይሽ በኩል ቁሚ።"

ዞሬ ቆምኩ። እስከ በሩ ድረስ እያየኝ ሄደ። ከዚያ በኋላ አልነቃም።

ዋርሳዬ ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም ይመጣል። የግራውን ጎን እሱ ሊለጥፈው፣ ጉብጠቱንም በእንፋሎት ሊሞክረው ጠይቆኝ ነበር። ተወው አልኩት፤ ሁለተኛ አልጠየቀኝም። በራሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ትንንሾቹን ይሠራል፤ ሲመሽ አመድ መስሎ ይሄዳል።

መርከቧ ሞርሳው ላይ ናት። የቀኝ ጎኗ ለብሷል። የግራው ክፍት ነው። ምሰሶና ሸራ የላትም። ባለቤቴ የለም።